ዘጠኝም ይሁን

ልጄ ሰልሰቢል በዋና የሽያጭ ሥራ አስኪያጅነት ልትቀጠር ስለሆነ ዋስ ልሆናት አብሬያት ሄድኩ። እዚህ ሹመት ላይ ለመድረስ ሰባት ዓመት ለፍታለች። የሚቀጥሯት አስመጪ ጋሼ ደምመላሽ ይባላሉ፤ ቢሮአቸው ከእህል በረንዳ በላይ ነው።

«ደሞዝ ስንት ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

«አሥር ሺህ ብር።»

ዝም አሉ። እኔ ምስር ስሸጥ ገዢ ዝም ካለ ሊሄድብኝ ነውና ቶሎ እቀንሳለሁ። «ዘጠኝም ይሁን» አልኩ።

ሰውዬው ሳቁ። «እናትሽ ካንቺ ይሻላሉ። ስምንት!»

«እማ፣ ማን ተናገሪ አለሽ?» የልጄ ዓይን ቀላ። «ከአሥር አልወርድም።»

«እንግዲያው ውጪ። እትዬ፣ ሌላ ልጅ ካለዎት ያምጡልኝ።»

ስሜን ልጽፍበት የያዝኩትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ደረጃው ላይ ብጠራት፣ «ሁለተኛ አብረሽኝ እንዳትመጪ!» ብላ ጥላኝ ወረደች።