ከቃታው በላይ ያለው ጭረት

የእህቴ ባል ከምሳ በኋላ እያለከለከ መሣሪያ መጠገኛ ክፍሌ ገባ። የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ፍተሻ አለብን። ጭረት ካዩበት ከሥራ ያባርሩኛል። ሲሚንቶ ላይ ወድቆብኝ ነው» አለ።

ተቀብዬ ካዝናውን አወጣሁ፤ መቀባበያውን ወደ ኋላ ስቤ ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይኔም በትንሿ ጣቴም አረጋገጥኩ። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢያመጣልኝ እንኳ ይህን ሳላደርግ ሥራ አልጀምርም። ከዚያ ጎኑን ሳየው ሳቄ መጣ። ሰውዬው ጭረቱን በጫማ ቀለም ለቅልቆታል!

«አንተ፣ ይሄ ጫማ ነው እንዴ? አሉሚኒየም እኮ ነው! እንኳን የጫማ ቀለም የብረት ማጥቆሪያም አይዘው። የራሱ ማጥቆሪያ መድኃኒት አለው።»

«ቸኩዬ ነው ጋሼ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ» ብዬ ጥጥ አልኮል ነክሬ መጥረግ ጀመርኩ። ቅባቱ ካልለቀቀ መድኃኒቱ አይዝም። ጥጡ ጠቆረ፣ ቀየርኩት። በሦስተኛው ጥጥ ጭረቱ ጥርት ብሎ ወጣ።

የወደቀ ሽጉጥ ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ይሄ ግን ክብ ነው። በክቡ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ራቅ ብላ ደግሞ አንዲት ጎባጣ መስመር። ግራ ገባኝ። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ፊት ነው! ዓይን ያለው፣ የሚስቅ፣ በሚስማር የተሳለ የሰው ፊት።

ፈገግ ልል ስል አፈሙዙን አየሁት። ፊቱ ተቃንቶ የሚታየው አፈሙዙ ወደ ሆዴ ሲዞር ብቻ ነው።

ክው አልኩ። የእህቴ ልጅ ሚጢጢ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከጠረጴዛ ብዙም አያልፍም። ለእኔ ሆዴ ላይ የዞረው አፈሙዝ ለእሷ ፊቷ ላይ ነበር።

«ሚጢጢ ናት?»

ዝም።

«ስትስል ጎርሶ ነበር? ተናገር!»

አንገቱን ደፋ። «ከአዳር ሥራ ገብቼ... ደክሞኝ ጥይቱን ሳላወጣ ተኛሁ። ስነሳ ሚስማር ሽጉጡ አጠገብ ነበር። ለእህትህ አልነገርኳትም። ልጅቷንም አልተቆጣኋት፤ ለእናቷ ትናገርብኛለች ብዬ ፈራሁ። በናትህ ጋሼ፣ ሸፍንልኝ።»

የአልኮሉን ጠርሙስ ከድኜ ወደ ጎን ገፋሁት።

«ምኑን ነው የምሸፍንልህ? አንተ ሰው፣ ልጅህን ልትቀብር ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩበትና ስልኬን አነሳሁ። እጄን ሊይዝ ሞከረ፤ ገፈተርኩት።

እህቴ ታነሳለች ስል ሚጢጢ አነሳችው።

«አጎቴ! አባዬ አንተ ጋ መጣ? ሥዕሌን አየኸው?»

«አየሁት የኔ ቆንጆ። ስልኩን ለእማዬ ስጫት።»

«እሱ እኮ አባዬ ነው! ነገ ደግሞ አባዬ ሲተኛ በዚያኛው በኩል አንተን እስልሃለሁ፣ እሺ?»

ድምጿ ከስልኩ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። አማቼ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«እማዬን ጥሪያት» አልኳት እንደገና፤ «አሁኑኑ።»