ያልተሰጠ ስንቅ

ነርሷ እንደ ወትሮዋ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩን ከፈተች። መስኮቶቹን ከፍታ የታፈነውን አየር አስወጣች፤ እጇን ታጠበች፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። በየፓኬቱ ውስጥ አዲስ መርፌ፣ አልኮል የነካ ጥጥ፣ በትንሽ ብልቃጥ የታሸገ ንጹሕ ውኃና ፕላስተር ከተተች። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ ሳጥን ወደ መግቢያው ገፋ አደረገችው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ቢያንስ በሽታ እንዳይጋባባቸው፣ ቁስላቸው እንዲታጠብላቸው፣ ማቆም የፈለገም የሚያዋየው ሰው እንዳያጣ የተከፈተ ነው።

በር ላይ ሆኖ ሰው የሚቀበለው ሸምበቆ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ገባ። ስሙን ያወጣለት ቁመቱና ቅጥነቱ ነው። እሱም ድሮ ከመርፌው ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ነው።

«ሲስተር፣ ዛሬ ፊትሽ በርቷል። ምን ተገኘ?»

«ሰዓት ሠሪው ሊሰናበተን ይመጣል፤ ረሳኸው?»

«እሱ ካቆመ አምስት ወር ስለሞላው እንዲህ ታበሪያለሽ። እኔ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ አንድ ቀን እንኳ ጥርስሽን አላየሁትም።»

«አንተማ የቤት ዕቃ ሆነሃል። ለወንበር ማን ይስቃል?»

ሰዓት ሠሪው ስምንት ዓመት የተመላለሰ ሰው ነበር። መጀመሪያ የመጣ ቀን ክንዱ አብጦ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም አለ። ነርሷ ሦስት ሳምንት በየቀኑ አጠበችለት። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ መርፌ ሊወስድ በመጣ ቁጥር አንድ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አይወጣም። አንድ ቀን በራሱ አፍ «ሰለቸኝ» አለ። ወደ ሕክምናው የላከችውም፣ በየሳምንቱ እየደወለች ያበረታታችውም እሷ ናት። አሁን ሌላ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህቱ ልትወስደው መጥታለች።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። አቁሞ የሚሄድ ሰው ስንቅ ሳይይዝ አይወጣም። ስንቅ የሚሉት ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ነው፤ በውስጡ ትንፋሹ ሊቆም ላለ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት አለ። ከቦርሳው ጋር የሚነገር ቃልም አለ፦ ያቆመ ሰው ሰውነት የድሮውን መጠን አይችለውም፤ ቢሳሳትና ያንኑ ቢወስድ ይሞታል። ራሱን ስቶ ሳለ ለራሱ መንፋት ስለማይችል፣ አብሮት የሚኖር ሰው አብሮ ይማራል። ይህን ደንብ የጻፈችው ራሷ ነርሷ ነበረች፤ በአንድ ዓመት ሦስት ሰው ከቀበሩ በኋላ።

አራት ሰዓት ገደማ ሰዓት ሠሪው እህቱን አስከትሎ ገባ። ጺሙን ተላጭቷል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«እትዬ፣ ያቺ ቁጡ ነርስ ብዬ የነገርኩሽ ይቺ ናት።»

እህቱ ነርሷን ጥምጥም አድርጋ አቀፈቻት። «እድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ። ወንድሜን ከሞት መንጭቀሽ ነው የሰጠሽኝ። እናት አባታችን ካለፉ ወዲህ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?»

ከእቅፉ ስትላቀቅ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ፊቷ ጠቆረ።

«ይኼን ለእሱም ልትሰጪው ነው?»

«የለም፣ ይኼ ለሌሎች ነው። ለእሱ የማዘጋጀው...» አለች ነርሷ፤ እጇ መሳቢያውን ግማሽ ከፍቶት ነበር።

«ምንም! በሞቴ፣ ምንም እንዳትሰጪው። ከእንግዲህ የዚህ ነገር ወሬው እንኳ ቤቴ አይገባም። ድኗል እኮ! አላመንሽውም እንዴ?»

ነርሷ ሰዓት ሠሪውን አየችው። እሱ ለአፍታ ወለሉን አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ ክረምቱ አልፎ ጃንጥላ ልታሸክሚኝ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እህቱ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ነርሷ ያን ፊት ለማደብዘዝ አንጀቷ አልቻለም። መድኃኒቱን መስጠት «ትወድቃለህ» ማለት መስሎ ታያት። መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው፤ በሩ ድረስም ሸኘቻቸው።

«ስንቁስ?» አለ ሸምበቆ፣ ሁለቱ ከዓይን እንደራቁ።

«ተወኝ እስቲ። ዛሬ ደስታዋን አልነጥቃትም። ነገ ደውዬ በእርጋታ አስረዳታለሁ።»

ሸምበቆ ፔርሙሱን አንስቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

በማግስቱ አልደወለችም፤ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። በሳምንቱ ደወለች። እህቱ ስልኩን እየሳቀች አነሳች። ወፍሯል፣ ሥራ ጀምሯል፣ የጎረቤቱን የተበላሸ ሰዓት ሁሉ ሰብስቦ ይጠግናል አለቻት። ነርሷ በመሃል ልትገባ ቃሉን አዘጋጀች፤ ግን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብላ ዘጋች።

ከወር በኋላ አንድ ከሰዓት እህቱ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ሸምበቆ አይቷት ብድግ አለ፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባት።  ነርሷ ወንበር ሰጥታት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እሑድ ነበር» አለች እህቱ። «ምሳ በልቶ ትንሽ ልረፍ ብሎ ክፍሉ ገባ። ሳሎን ሆኜ ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሟል፣ ይተኛ ብዬ በሩን ገርበብ አደረግሁለት። እንዳይረብሸው ሬዲዮውንም ቀነስኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንኮራፋ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ደስ አለኝ፤ እንቅልፉ ጠለቀለት አልኩ። ኋላ ስገባ መርፌው አጠገቡ ወድቋል፤ እሱ ቀዝቅዟል።»

 ነርሷ ያ ማንኮራፋት የእንቅልፍ እንዳልሆነ፣ ትንፋሹ እየተዘጋ የሚሰማ ድምፅ እንደሆነ ታውቃለች። ለስንቱ ሰው አስተምራዋለች። አንድ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው።

«ሐኪሙ ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት አለ አለኝ» አለች እህቱ። «እንደናንተ ያለ ቤት በነፃ ይሰጣል አለኝ። ውሸቱን ነው፣ አይደል?»

ነርሷ የምትሸሸግበት ቃል አላጣችም። እርስዎ ራስዎ ከለከሉኝ ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው።

«እውነቱን ነው። የዚያን ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ለእሱ መስጠት፣ ለእርስዎም ማሳየት ነበረብኝ። አላደረግሁትም።»

«እኔ በሞቴ ስላልኩሽ ነው?»

«አይደለም። እርስዎ አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ደስታችሁን ማበላሸት ከብዶኝ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለአለቆቼም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

እህቱ አልጮኸችም፤ አልረገመችም። የነጠላ ጫፍ የምትፈልግ ይመስል ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይርመሰመሳሉ።

«ሬዲዮውን እኮ ቀነስኩለት» አለች።

ነርሷ እጇን ዘረጋችላት። እህቱ የተዘረጋላትን እጅ አየችው፤ አልያዘችውም። ተነስታ ቦርሳዋን አነገተችና ወጣች። ሸምበቆ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አብሯት ሄደ።

በውጪኛው ክፍል ሁለት ሰዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ነርሷ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ የአንዱን ቁስል አጠበች፤ ለሌላው ፓኬት ሰጠች። ሥራው ሲያልቅ የሰዓት ሠሪውን ካርድ ከመዝገብ ሳጥኑ አወጣችና የሞተበትን ቀን ጻፈችበት። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። እህቱ ሌላ ወንድም የላትም።