ከሦስት ፎቶ ፊት

በአሜሪካ ቴክሳስ፣ የጋርላንድ ከተማ እድር ሊቀመንበሩን የሚመርጠው በእጅ ነበር። "አቶ መዝገቡ ይቀጥሉ የምትሉ?" ይባላል፤ አቶ መዝገቡ ከመድረኩ ላይ ሆነው አዳራሹን ይቃኛሉ፤ ታዲያ የማን እጅ ሳይወጣ ይቀራል! አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ተኖረ። የአይናዲስ እናት ወይዘሮ አየለች ዓመቱን ሙሉ ሰውዬውን ሲያሙ ይከርሙና በምርጫው ቀን ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጣሉ። "ምን ነካሽ እማዬ?" ስትላቸው፣ "እጄን እንጂ ልቤን መች አነሳሁ!" ይሏታል።

ይቺ መልስ ናት አይናዲስን ያበገነቻት። የስልክ መተግበሪያ መንደፍ ሥራዋ ነው፤ ሰው ስክሪን ላይ የቱን እንደሚነካ፣ የት እንደሚደናገር ማወቅ እንጀራዋ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ለፍታ በታብሌት የሚሰጥ ምስጢራዊ ምርጫ ሠራች። ኮሚቴው ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ቅዳሜ ጠዋት አሥር አዛውንቶች ይሞክሩት፤ ስምንቱ ያለ ማንም እርዳታ ከጨረሱ የእሑዱ ምርጫ በታብሌት ይሆናል፤ ካልሆነ እንደ ልማዱ በእጅ።

ቅዳሜ መጀመሪያ የተቀመጡት ጋሽ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ስክሪኑ ላይ ካሉት ሦስት ዕጩዎች አቶ መዝገቡን ነኩ። ቀጥለው ወይዘሮ ትዕግሥትን ነኩ። አቶ ኃይሉንም አልማሩ፤ ነኩ። "ስህተት! አንድ ብቻ ይምረጡ" የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ሦስቱንም ነኩና ታብሌቱን አስቀምጠው ተነሡ። ሁለተኛዋ እናትም ልክ እንደሳቸው አደረጉ።

"ሶ፣ ሁለቱ ፌይል አደረጉ" አለ የእድሩ ጸሐፊ እንየው፣ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ። "አንድ ሰው ከተጨመረ ነገ በእጅ ነው፣ ኦኬ?"

አይናዲስ ደሟ ፈላ። "አንድ ብቻ ይላል እኮ!" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚል ሰው ስትሰማ የምትቆጣው ራሷ ናት፤ ሰው ከተሳሳተ የተሳሳተው ስክሪኑ ነው ትላለች። ሄዳ ከጋሽ ገብረ ሥላሴ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቅድም ሲነኩ ምን እያሰቡ ነበር?"

"ምን አስባለሁ ልጄ! መዝገቡ ሚስቴን የቀበረልኝ ነው። ትዕግሥት ስታመም ሆስፒታል ራይድ የምትሰጠኝ ናት። ኃይሉ ደግሞ የክርስትና ልጄ አባት ነው። አንዱን ነክቼ ሁለቱን ልዝለላቸው? ያውም እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ!"

"እነማን ናቸው የሚያዩዎት?"

"እነሱ ናቸዋ!" አሉ ታብሌቱን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

አይናዲስ ዞር ብላ አየች። ፊደል ለማይታያቸው ይረዳል ብላ የሦስቱን ዕጩዎች ፎቶ ስክሪኑን ሞልታበታለች፤ ሦስቱም ፈገግ ብለው ፊት ለፊት ያያሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! አቶ መዝገቡን ከመድረክ አውርዳ በየሰዉ መዳፍ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሳቋ አመለጣት፤ ችግሩ የት እንዳለ ካወቁ ምን ቀረ!

"እንየው፣ ሃያ ደቂቃ ስጠኝ!"

"አሥራ አምስት። ኤርፖርት ሺፍት አለብኝ።"

ፎቶዎቹ ተነሡ፤ ስሞቹ በጉልህ ፊደል ብቻቸውን ቀሩ። ቀዩ ቁጣም ጠፋ፤ ሁለተኛ ስም ከተነካ የመጀመሪያው ምርጫ በራሱ ይሰረዛል። ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ ቃሉን ያወጡት ጋሽ ገብረ ሥላሴ ናቸው፦ "የመረጡትን ከፈጣሪና ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቅም።" ጠረጴዛውንም፣ የሚመርጠው ሰው ከኋላው ማንም እንዳይቆም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንዲቀመጥ አዞሩት።

ሦስተኛው ሰው ተቀመጡ። አንብበው ግራ ቀኝ አዩና አንድ ስም ነክተው "ጨርሻለሁ" የሚለውን ተጫኑ። የታብሌቱ ደወል ቂው አለ። "አለቀ እንዴ?" አሉ። አለቀ! አራተኛው፣ አምስተኛዋ፣ ስድስተኛው ተከታተሉ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ አይናዲስ መቀመጥ አቅቷት አዳራሹን ትዞራለች። ዘጠኝ ሰው ሞከረ፣ ሰባቱ ጨረሱ። የቀሩት አንድ ሰው ወይዘሮ አየለች ናቸው።

"እናትሽ ናቸው" አለ እንየው። "ቃል ከተነፈስሽ አይቆጠርም።"

ወይዘሮ አየለች ቴክስት በመጣ ቁጥር "አይኒ፣ ነይ እይልኝ" የሚሉ ሴት ናቸው። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለትም ሆነ። የተፈራው ደረሰ።

"አይኒ! ነይ እስቲ እይልኝ፣ ልክ ነው?" ብለው ታብሌቱን ብድግ አደረጉ።

አይናዲስ ጀርባዋን ሰጥታ አፏን በእጇ ያዘች።

"አንቺን እኮ ነው!"

ቆይቶ የእናቷ ድምፅ ፊደል እየለቀመ ሲያነብ ተሰማ። "ከፈጣሪና... ከእርስዎ... በቀር..." ከዚያ "እህ!" አሉ። ታብሌቱ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ተሰማ። ቂው!

"ስምንት!" ብሎ እንየው ብዕሩን ወረወረ። እልልታው ቀለጠ። አይናዲስ እየዘለለች ሄዳ እናቷን አቀፈቻቸው።

"ጨረስሽው እኮ እማዬ! ማንን መረጥሽ?"

ወይዘሮ አየለች ከእቅፏ ወጥተው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ምን አገባሽ? ዛሬም አልነግርሽ፣ ነገም አልነግርሽ!"