ወፎቹ ሳይበሉ

ሐጅ ሳዲቅ በሕይወት ሳሉ በዚያ ቤት ቁርስ የሚጀምረው በወፎች ነበር። ሽማግሌው የሱብሒን ሶላት ሰግደው ሲመለሱ፣ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ከኒም ዛፉ ሥር አንድ ጭብጥ ማሽላ ይበትናሉ። ወፎቹ ሲጠግቡ እሳቸውና ባለቤታቸው ሐጃ ሲትና በረንዳው ላይ ለቁርስ ይቀርባሉ። «እንግዳ ሳይበላ ባለቤት አይበላም» ይሉ ነበር ሐጁ። የቤት ሠራተኛቸው ሬሕማ ያን ሰዓት ከፉል ድስቷ ጋር ኩሽና ስለምትውል፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወፎቹ ሲበሉ ቆማ አላየችም።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሐጁ ሞቱ። ለቀስተኛው ሲበተን ወፎቹም ቀሩ፤ የሚያበላቸው የለማ። ሐጃም ነጭ የሐዘን ቶባቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ከሻይና ከአንድ ሁለት ተምር በቀር እህል በአፋቸው አልዞረም። ሬሕማ ስትጨቀጭቃቸው «ወፎቹ ይብሉና እበላለሁ» አሏት። ቀልድ መስሏት ነበር። ለውዱእ ሊታጠቡ ደግፋ ስታነሳቸው ግን የክንዳቸው አጥንት እጇን ቆረቆራት፤ ያኔ ፈራች። እኚህ ሴት ስትታመም ያስታመሟት፣ ስታጠፋም እንደ ልጃቸው የሚቆጧት ናቸው። እሳቸው ከሞቱ ካርቱም ለሷ ምኗም አይደለችም።

«እንግዲህ ጣጣዬ ከወፍ ጋር ነው» አለችና ማሽላውን በትና ወደ ኩሽናዋ ገባች። ወፎቹ አልበሉም። በማግስቱ ዳቦ ፈረፈረች፤ የጎረቤት ድመት ላሰው። ሩዝ ቀቅላ ሞከረች፤ ጉንዳን ሰፈረበት። የሐብሐብ ፍሬ አድርቃ አቀረበች፣ ያም እንዳለ ዋለ። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ እንዳገሩ ይበላ እንደሆነ ግን ማን ይንገራት? በኩሽናው መስኮት ስታያቸው አጥሩ ላይ ይሰለፋሉ፣ አንድ ሁለቱ ይወርዳሉ፣ ወዲያው ብር ብለው ይጠፋሉ።

«የሪያድ ወፍ እንደ ሰፈሩ ሀብታም ነው መሰለኝ፣ ያማርጣል» ብላ ተሳደበች።

በአሥረኛው ቀን ነገሩ በራላት። ወፍ ምን እንደሚወድ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? አገሯ ሐርቡ ቆላ፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር ማማ ላይ ወጥታ፣ ከጎህ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ግሪሳ በወንጭፍ ስታባርር ያደገች ናት። ወፍ የደረቀ ፍሬ የሚበላው ሲቸግረው ነው፤ ነፍሱን የሚሰጠው ለእሸት ነው።

ሪክሻ ተሳፍራ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሄደች። እዚያ በአህያ ጋሪ የከብት መኖ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ በሰባ ቀን የሚደርሰውን፣ አቡ ሰብዒን የሚሉትን ማሽላ እያሰረ ይሸጣል።

«ዛላ ያወጣውን፣ ገና ለጋውን ምረጥልኝ» አለችው።

«ፍየሎችሽ ስንት ናቸው?»

«ፍየል የለኝም። ለወፍ ነው።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አያት። «ወላሂ ያ ሐበሺያ፣ እኔ እኮ ወፍ ሳባርር ከርሜ ነው ያደረስኩት» አለ፤ ግን መረጠላት።

አገዳዎቹን ከአጥሩ ጋር ቀጥ አድርጋ አሰረቻቸው፤ ያየ ሰው እዚያው የበቀሉ ይመስለዋል። በማግስቱ ጧት ፉሉን እያማሰለች በመስኮት ብታይ፣ መንጋው ግር ብሎ ወርዶ ዛላው ላይ ሰፈረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷም አታውቀውም። ራሷን ያገኘችው ግቢው መሃል ነው። ሻሿ ከራሷ ወርዶ እንደ ወንጭፍ ታጥፏል፤ ከኩሽና ይዛው ወጥታ የወነጨፈችው ሎሚ የውሃውን ታንከር መትቶ ገና ያስተጋባል፤ «ሃሃይ! ሁሽ!» የሚለውም ድምፅ የገዛ ራሷ ነው። ወፍ የሚባል አልቀረም።

ሐጃ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆመዋል።

«አንቺ ነሽ እንዴ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ? ሰሞኑን ጧት ጧት ሁሽ ሁሽ ስትይ ድመት የምታባርሪ መስሎኝ ነበር።»

«ሰሞኑን?» አለች ሬሕማ።

«በየቀኑ።»

ሬሕማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አሥር ቀን ሙሉ በእጇ እየጠራች በአፏ ስታባርር ኖራለች፤ ምላሷ አላማከራትም። አፈረች፤ ከዚያም ለማንም ያላወራችውን አወራች።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሐጃ። አንድ ቀን ማማው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ማሽላው ባዶ አገዳ ሆኗል። አባቴ አልመታኝም፤ ምነው በመታኝ። ያን ዓመት እናቴ እኛን ታበላና 'እኔ ጠግቤያለሁ' ትለናለች። ምንም ሳትበላ። ከዚያ ወዲህ የማይበላ ሰው ማየት አልችልም።»

ሐጃ መቃኑን ለቀው ወደሷ ቀረቡ። ከዚያ፣ «ነገ አብረን እንቀመጣለን፤ እጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ መጣች፤ ቀጥሎ ደረቱ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ፤ ከዚያ መንጋው። አገዳው በክብደታቸው ጎበጠ። የሬሕማ ጉሮሮ ሊጮኽ ተነሳ፤ ሐጃ እጇን ጠበቅ አደረጉት፣ ዋጠችው። እሸቱ ሲቆረጠም መስማት አመማት። ቆይቶ ግን የሚርበው ልጅ እንደሌለ፣ «ጠግቤያለሁ» የምትል እናትም እንደሌለች አሰበች፤ ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ዛላው ሲራቆት ወፎቹ ሄዱ።

ፉሉን አምጥታ ሐጃ ፊት አስቀመጠች። ሐጃ ዳቦ ቆረሱ፣ አጠቀሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። ሬሕማ አጠገባቸው ቆማለች።

«ጨው የለውም» አሉ ሐጃ።

ሬሕማ እንደቆመች ፉሉን ታያለች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨው መመጠን ያቅትሽ? ያላ፣ አምጪ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

«ሐዲር፣ እሺ ሐጃ» አለች። ኩሽና ገብታ ጨው ስታነሳ እንባዋ ወረደ። ፊቷን ጠረግ አደረገችና፣ ቁጣው ሳያልቅባት እየሮጠች ተመለሰች።