ከካርኒቫል በኋላ የሚፈረም ደብተር

ዙልሚራ ከተቀበረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ዶና ኢዳሊና ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላውንደሪዋን በከፈተች ቁጥር፣ ማንም ያልለኮሰው የእንፋሎት ካውያ «እሽሽ» ሲል ትሰማለች። ሄዳ እጇን ስታሳርፍበት ብረቱ በረዶ ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን ጆሮዬ ነው ብላ በተወችው። ለእጥበት የሚመጡትን የሐኪሞች ነጭ ጋዋኖች ግን አመሻሽ ላይ ቁልፋቸውን ፈትታ ሰቅላ ትሄድና፣ ጠዋት የላይኛው ቁልፋቸው ተቆልፎ ታገኛቸዋለች። በሙሪያዬ ከተማ እንዲያ የምታደርግ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። «አንገቱን የከፈተ ጋዋን ያዛጋል፤ ሐኪሙንም ያስተኛዋል» እያለች የምትቆልፈው ልብስ ተኳሿ ዙልሚራ ነበረች።

ዶና ኢዳሊና መንፈስ ቅብጥርሶ የምትል ሴት አይደለችም። ቄስ አልጠራችም፣ ሻማ አላበራችም። ጥርሷን ነክሳ ቁልፍ ስትፈታ ትውላለች።

ረቡዕ ዕለት የዙልሚራ ባል፣ በአክብሮት «ሴው» የሚባለው ዤኒቫል፣ መጣ። የድንጋይ ካባ ቦታ ሲሠራ የተሰባበረ ግራ እግሩን እየጎተተ ገባና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዶና ኢዳሊና፣ ላስቸግርዎ ብዬ አይደለም። የዙልሚራን የሥራ ደብተር ፈልጌ ነው። ጡረታ ቢሮ ሄጄ ነበር፤ የተተኪ አበል ለማግኘት ደብተሯን አምጣ አሉኝ።»

«ደብተሯን?»

«ያቺን አሠሪ ‹ቀጥሬያታለሁ› ብሎ የሚፈርምባትን ሰማያዊዋን። በገባች ሳምንት ፈርመውላት የለ? ስንት ጊዜ ነግራኛለች! ‹ዤኒቫል፣ ሳይፈረምላቸው እንደሚሠሩት እህቶችህ መሰልኩህ እንዴ? ደብተሯ የተፈረመ ሴት ነው ያገባኸው› እያለች ትኮራብኝ ነበር።»

«አካውንታንቱ ጋ ነው። አስመጣልሃለሁ» አለችው። ደብተሩ ክርኗን ካስደገፈችበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙልሚራ ሥራ የጀመረችው በጃንዋሪ ነበር። ደብተሯን በሁለት እጇ ስታቀብላት፣ ዶና ኢዳሊና «ከካርኒቫል በኋላ እፈርምልሻለሁ» አለቻት። አልዋሸቻትም፤ እኛ አገር ከካርኒቫል በፊት ዓመቱ ራሱ አይጀምርም። ካርኒቫል ሲያልቅ የማጠቢያ ማሽኑ ተበላሸ። በዓመቱ ኪራይ ተጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ካርኒቫል ከበሮውን እየደለቀ አለፈ። ዙልሚራ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ በሦስተኛው ተወችው። ዶና ኢዳሊናም ክፉ ሴት አልነበረችም። ስትታመም በራሷ መኪና ሐኪም ቤት ታደርሳታለች፤ ለገና ሙክት የሚያህል የአሳማ ታፋ ታሸክማታለች፤ «አንቺ እኮ ቤተሰቤ ነሽ» ትላታለች። ለቤተሰብ ደግሞ ማን ይፈርማል?

ከሰዓት በኋላ ወደ አካውንታንቱ ወደ ኤድሚልሶን ሄደች። ኤድሚልሶን ሰው አይጠላም፤ ሕግን ግን እንደ ጎረቤት ውሻ ነው የሚያየው፤ ካልነኩት አይነክስም ባይ ነው።

«ስድስት ወር ሠራች ብለው ይፈርሙ፣ ዶና። መዋጮውም ቅጣቱም አይጎዳዎትም» አላት።

«ዤኒቫልስ?»

«አራት ወር አበል ይበላል። መዋጮው አሥራ ስምንት ወር ካልሞላ ለባል የሚተርፈው ያው አራት ወር ነው።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ እግዜር አለ።»

«እውነቱን ብጽፍስ?»

ኤድሚልሶን መነጽሩን አወለቀ። «የአሥራ አንድ ዓመት መዋጮ፣ ወለድ፣ ቅጣት። ላውንደሪውን ከነካውያው ይሸጡታል። ሽባው ሰውዬ ግን ዕድሜ ልኩን ይጦራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የሚጽፉትን ይወቁ ነው የምልዎት። የሞተች እንደሆነ መጥታ አትመሰክርብዎትም።»

«አንተ ጠዋት ላውንደሪ ገብተህ አታውቅም» አለችውና ተነሣች።

በማግስቱ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የዙልሚራ ጉርድ ፎቶ አለ፤ ወጣት ናት፤ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሸሚዝ እስከ አንገቷ ቆልፋ ካሜራውን በድፍረት ታያለች። ዶና ኢዳሊና ብዕሯን አነሳች። ስድስት ወር ወደ ኋላ ቆጠረች። «የተቀጠረችበት ቀን» በሚለው ላይ ብዕሩን ልታሳርፍ ስትል ካውያው ተነፈሰ። ቀና አለች። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በገዛ እጇ ቁልፉን ፈትታ የሰቀለችው ጋዋን ተቆልፏል።

«ምን ላድርግሽ? ንገሪኝ እንጂ! ስደቢኝ!» ብላ ጮኸች።

ብትሰድባት በወደደች ነበር። ያስፈራት የሙት መመለስ አልነበረም፤ ሞታም ሰዓቷን አክብራ ሥራ መግባቷ ነው። ዶና ኢዳሊና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱን፣ የጃንዋሪውን ቀን ጻፈች።

ጡረታ ቢሮው ወረቀት ብቻ አይበቃም ስላለ ጉዳዩ የሥራ ክርክር ችሎት ቀረበ። የአሥራ አንድ ዓመቱን የልብስ መቀበያ ደብተሮች በሁለት ካርቶን ጭና ሄደች፤ በየገጹ የዙልሚራ እጅ ጽሑፍ አለ። ዳኛዋ አገላብጠው አዩና፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልፈረሙላትም?» ሲሉ ጠየቋት።

ዶና ኢዳሊና ስለ ማሽኑና ስለ ኪራዩ ልታወራ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ፤ «የሚያስገድደኝ ስላልነበረ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለች።

ዤኒቫል ከጎኗ ተቀምጧል። ችሎቱ የአሥራ አንዱን ዓመት ሥራ አጽድቆ ሲያበቃ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። ከቅጣቱም ከላውንደሪውም ይልቅ የጨነቃት ሌላ ነገር ነበር፤ የሞተችን ሴት በገዛ ባሏ ፊት ውሸታም አድርጋታለች።

«ሴው ዤኒቫል፣ ዙልሚራ ልትዋሽህ ብላ አይደለም። የእኔን ነውር ልትሸፍንልኝ ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንዳልተፈረመላት። የተፈረመ ደብተር ከባለቤቱ ጋር ነው የሚኖረው። የእሷ አንድ ቀን ቤት ገብቶ አያውቅም።» በደህናው እግሩ ላይ ተደግፎ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። «ያን ዕለት እርስዎ ጋ የመጣሁትም ሳላውቅ አልነበረም።»

«ታዲያ እሷን ለምን አልጠየቅካትም?»

«ደብተሬ ተፈርሟል ስትል ትከሻዋ ቀና ይል ነበር። ያንን ልነጥቃት አልቻልኩም። እውነት ላደርግላት ደግሞ አቅሙ አልነበረኝም» አላት። ባርኔጣውን ደፋ። «እርስዎ ግን ነበረዎት።»

እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ወረደ። ዶና ኢዳሊና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች።