ጉም የያዘው አውሮፕላን

ባሏ ክንዱ «አዲስ አበባ ገባሁ» ብሎ ሲደውል አገርነሽ ዓባይ ማዶ ሰፈር ቤቷ ቁጭ ብላ የተማሪዎቿን ፈተና ታርም ነበር።

«እንዴት ፈጠነ?»

«በአየር አይደል? አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

ከድምፁ ኋላ አንድ ሰው «ገመዱን ያዝ! ሳብ!» ሲል ጮኸ። ስልኩ ወዲያው ተዘጋ።

እርማቱን ተወችው። በአየር ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ በመኪና ነው እንጂ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው። ግን ቦሌ ውስጥ ገመድ የሚስብ ማን ነው? ባልደረባዋ መቅደላዊት እኅቷን በዚያው በረራ ልትሸኝ መሄዷ ትዝ አላትና ደወለችላት።

«ኧረ ተይኝ፣ ጉም ነው ብለው ገና አልተነሡም» አለች መቅደላዊት። «ክንዱም አብሮ ነው እንዴ? አላየሁትም።»

አገርነሽ የሆነ ነገር ብላ ዘጋችው። የሚሠራበት ፋብሪካ ለሥልጠና እንደላከው ሲነግራት ይህ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ በፌስታል ሎሚ ይዞ ተመልሶ ነበር። ሎሚ ከአዲስ አበባ! ያኔ ዝም ማለቷ አሁን አናደዳት።

ገመዱም፣ ጭቃውም፣ የደሴቶቹ ሎሚም ወደ ሐይቁ ጠቆሟት። ባጃጅ ይዛ የዓባይን ድልድይ ተሻገረች። ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት እስክትደርስ ድረስ የጠረጠረቻትን ውሽማ በልቧ ሥላ ጨርሳለች፦ ቀጭን፣ ልጅ እግር፣ ምናልባትም ያረገዘች።

ክንዱ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ከደቅ ደሴት ከመጣው ጀልባ ላይ አንድ የከሱ አዛውንት መነኩሴ አዝሎ እያወረደ ነበር።

«ክንዱ! ቦሌ እንዲህ ውኃ ገባው?»

ደነገጠ። መነኩሴውን ድንጋይ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «አባ ኃይለ ገብርኤል ናቸው። ታመው ሐኪም ዘንድ ልወስዳቸው ነው» አለ።

«የታመመ መነኩሴ ለማሳከም ነው የምትዋሸኝ?»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ባለቤትህ ይህች ናት?»

መነኩሴ ሁሉንም ልጄ ይላል። ግን ያ አፍንጫ፣ ያ የተጋጠመ ቅንድብ! አገርነሽ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ባሏን አየች።

«አባትህ ናቸው? እኔ በየዓመቱ ሙት ዓመታቸውን የማወጣላቸው?»

«ሞቼ ነበር እንዴ?» አሉ አዛውንቱ በቀስታ።

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «እናቴን ከነልጆቿ ጥለው ሲመንኑ ለእኔ ሞተዋል አልሁ። ለአንቺም እንዲያው ነገርሁሽ። መታመማቸውን ስሰማ... ከየት ብዬ ልጀምር?»

አዛውንቱ አልተከላከሉም። «እውነቱን ነው፣ ጥያቸው ሄጃለሁ» ብቻ አሉ።

አገርነሽ ንዴቷ የት እንደሚያርፍ ጠፋት። ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። «ይነሡ አባ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለችና ደግፋ ወደ ባጃጁ ወሰደቻቸው።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ አዛውንቱን ሲያይ ባልና ሚስቱ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ክንዱ እጇን ሊይዝ ሞከረ፤ ሰበሰበችው።

«ሌላስ የገደልኸው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እናትህስ? በእርግጥ ሞተዋል?»

«ሞታለች፣ አገርነሽ። እያስታመምኋት እጄ ላይ ነው የሞተችው።»

እንባው መጣ። እሷም አየችው። ቢሆንም የእናቱን መቃብር ራሷ ሄዳ እስክታይ ድረስ ላለማመን ወሰነች።