የታችኛው ቤት ዋይፋይ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በሙሉ ልቧ አምናው አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን አጥፍቶ አልተገኘም፤ እሷ ግን «አልተያዘም እንጂ» ትላለች።

የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ላፕቶፑ ኢንተርኔት አልከፍት አለ። ባሏ አናጢ ነው፤ የበር ንድፍ ከምሳ በፊት ለደንበኛ መላክ ነበረበት። የዋይፋዩን ሣጥን ሦስት ጊዜ ነቀለ፣ ሦስት ጊዜ ሰካ። የሣጥኑ መብራት አረንጓዴ ነው፤ ላፕቶፑ ግን ወይ ፍንክች።

«እስቲ ዞር በል» አለችው። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም ፊደል አይጠፋትም። የስክሪኑን ጥግ ነካ አድርጋ አነበበች። ላፕቶፑ የያዘው የቤታቸውን ዋይፋይ አልነበረም። «ቆንጆ ፀጉር» ይላል።

ቆንጆ ፀጉር ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ የምትሠራው ፀጉር ሠሪ ቤት ነው። ሴትየዋ ባሏ የሞተባት ናት፤ ሳቋ ደረጃ ይወጣል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች።

«የይለፍ ቃሏን ማን ሰጠህ?»

«የማንን?»

«አትጃጃልብኝ! ይሄ ዕቃ ሰው ቤት ሳይገባ የሰው ዋይፋይ ከየት ያውቃል?»

«ኧረ ባክሽ! ምን ፀጉር አለኝና ነው እሷ ጋ የምሄደው?» ብሎ መላጣውን ዳበሰ።

«ቀልድህን ለሷ አድርግላት። ተነስ፣ እንወርዳለን!»

ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ፊት ፊት ወረደች። በየደረጃው ቆም እያለች ስክሪኑን ታያለች። ላይ ቤት አንድ የነበረው የዋይፋይ መስመር ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤ ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ሲደርሱ ሞላ።

«አየህ? ቤቱን ያውቀዋል!» አለች። ድምጿ ተሰበረ። ባሏ መሳቁን የተወው ያኔ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ የፀጉር ማድረቂያዋን እንደያዘች ከፈተች።

«ውይ እትዬ! ጋሼ! ምነው በደህና?»

«ይሄ ዕቃ ያንቺን ዋይፋይ ከየት አወቀው?»

«ራስዎ አምጥተውት ነዋ፣ እትዬ! የሰፉትን የሙሽራ ቀሚስ ፎቶ ሊያሳዩኝ የመጡ ዕለት፣ አልከፍት ሲልዎ እኔው አይደለሁ የይለፍ ቃሉን የጻፍኩበት? ዛሬ መብራት ሲጠፋ የእናንተ ተዘጋ፤ የኔ ባትሪ ስላለው እሱን ይዞ ቀረ። ከላይ ሆኖ ግን ደካማ ነው፣ ምን ይከፍታል?»

ላፕቶፑን ተቀብላ የራሷን ዋይፋይ ከዝርዝሩ አጠፋችው። «በሉ፣ ስትወጡ የራሳችሁን ይይዛል።»

ልብስ ሰፊዋ ትዝ አላት። ጆሮዋ ጋለ። ይቅርታ ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ቤት ገብተው ንድፉ እንደተላከ ባሏ «እጇ ይባረክ፣ በአንድ ደቂቃ!» አለ። ባይል ይሻለው ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ዕቃ ነገር የማየው እኔ ነኝ!»

«ማን አስተምሮሽ?»

ላፕቶፑን ከድና ወደ ደረጃው አየች። ከፀጉር ሠሪዋ በቀር የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ላይ የለም።

«እሷው ታስተምረኛለች» አለች በመጨረሻ። «እግረ መንገዴንም እዚያው ቁጭ ብዬ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ አያለሁ።»